አስር አምፔር

አይሱዙ ላይ ታስራ እንደ በዓል በሬ፣
ሐረጎን ወረደች ተሸክማ ወሬ፦
«ትልቁ ባትሪዋ አብቅቶለት ሞቷል፣
የደሴ ሦስት ጋራዥ ቃላቸው ተስማምቷል፤
አዲስ ለማስመጣት የሚጠይቁኝ ብር
ቤቴን ብሸጠውም አይሞላም ነበር»
አለች ሲስተር ጦይባ፣ የቦሩ ሜዳዋ፣
ግንባሯ ላይ ሰፍሮ የመኪናው ዕዳዋ።

መርዶ በሰማ ጆሮ መኪና አልፈታም፤
ሳልለካ አላለቅስም፣ ሳልለካ አልረታም።
የላስቲክ ጓንቴን አጠለቅሁ፣
ከኋላ፣ ብርቱካናማውን መሰኪያ ነቀልሁ።
«አሁን አስር ደቂቃ እንጠብቃለን።»
«ምኑን?»
«ውስጡ የቀረው ኃይል እስኪረግብ።
ቁጣ ስለነቀሉት ወዲያው አይበርድም፤
ሁለት መቶ ቮልት አስጠንቅቆ አይመታም።»

ተለማማጄ እብሬ ሰዓቱን ሦስቴ አየ፤
ባዶ እጁን ሲሰድድ በመፍቻ ጀርባ ቀመስ አደረግሁት።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቆጥራል፣
ቦርከና ከታች ደፍርሶ ያጉረመርማል።
እሷ ስለ ሌሊት ተረኛነት አወራችኝ፦
ሊነጋጋ ሲል ግቢዋ ስትገባ
መኪናዋ ድምፅ ስለሌላት
ልጇ እንቅልፉን አይቋረጥበትም።

አስር ሞላ።
ትልቁን በጥንድ በጥንድ ለካሁት፤ ደህና ነው።
ታናሹ፣ አስራ ሁለት ማለት ሲገባው፣
ስድስትም አልሞላ።
«ጌታው አልሞተም» አልኳት፣
«በር ከፋቹ ነው ያንቀላፋው።»

ግን ማን ጠጣው?
ፊውዞቹን አንድ ባንድ ነቀልሁ፤ የሚፈሰው አልቆመም።
የማቀዝቀዣው ፋን ቤት ስደርስ
ፊውዝ የለም። የመዳብ ሽቦ ነው።
ከሥሩ ገመዱ ከስሏል፣ ላስቲኩ ቀልጦ
እርቃኑን ከብረት ተለጥፏል።

ፊውዝ ጥበቡ መድከም፣ ሙያው መበጠስ፣
ቀድሞ ይሞታል እሱ ቤቱ እንዳይጨስ፤
ሽቦ ግን ጀግና ነው፣ እምቢ አልሞትም ባይ፣
እሱ ቆሞ ይኖራል ግቢው ሲነድ እያይ።

«የትኛው ደንቆሮ ነው?» አለ እብሬ፣ ሳቀ።
እኔ አልሳቅሁም።
ሦስት ዙር፣ ወደ ግራ የተጠመዘዘ፣
ጫፉ እንደ ሻሽ ጠርዝ የታጠፈ።
በዚህ ከተማ በግራ እጁ ሽቦ የሚያስር
አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ።

ያን ክረምት ነው፤
መንገዱ ተዘግቶ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣
ሱቁ ሁሉ ከነፊውዙ ባዶ ቀርቶ።
አንድ ሰው በእኩለ ሌሊት ቤተሰቡን ጭኖ መጣ፣
«ደሴ እስክደርስ ብቻ» አለኝ።
«ለዛሬ ብቻ» ብዬ አሰርሁለት።
ያች ዛሬ ሳትመሽ፣ መኪናዋ ተሽጣ፣
እሷ እጅ ገብታ፣ እኔው ጋ ተመልሳ መጣች።

«እኔ ነኝ» አልሁ።
እብሬ ሳቁን ዋጠ።
ሲስተር ጦይባ ሽቦውን ተቀብላ
መዳፏ ላይ አገላብጣ አየችው።
«እኛም ያኔ ፋሻ አልቆብን
በአንሶላ ቅዳጅ ቁስል አስረናል» አለች፤
«ግን በማግስቱ ፈትተን እናየው ነበር።»

የከሰለውን ቆረጥሁ፣ አዲስ ገመድ ቀጠልሁ።
ከፋኑ አቧራ ጠረግሁ፣ የብስኩት ፍርፋሪ፣
አንዲት የሕፃን ካልሲ።
ታናሹን ባትሪ እስከ ማታ ኃይል አጠጣሁት።
ከጥፍሬ የማትበልጥ ቀይ ፊውዝ፣ አስር አምፔር፣
ቀጭ አድርጌ ቤቷ መለስሁ።

ቁልፉን ተጫነች። ዝም።
«አልተነሳችም?» አለች፤ ዓይኗ ፈዘዘ።
«ተነስታለች። አረንጓዴዋን እያት።»
የፊውዟን ብቻ ተቀበልሁ።
ወደ ሐረጎ ስትዞር የተሰማው
ጎማ ውሃ ሲረግጥ ነው፣ ሌላ ምንም።

እብሬ መፍቻዎቹን እየጠረገ፣ ቀና ሳይል፣
«ጋሼ» አለኝ፣ «ያን ክረምት ስንት መኪና አሰርህ?»
አልመለስሁለትም።
ከላይ፣ ከጠመዝማዛው፣ በጉሙ መሐል
መብራቶች አንድ ባንድ ይወርዱ ነበር።